ስልኩ በእናንተ መሳቢያ፣ ጥሪያችሁም ለዚያው ስልክ

ለተከበሩ የስልክ ጥገናና የደንበኞች እንክብካቤ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ቢሮዎ ባለበት፣ አንደኛ ፎቅ፣ «ስብሰባ ላይ ነን» ከሚለው ወረቀት በስተጀርባ

ጉዳዩ፦ ቻርጅ አላደርግ ስላለ አንድ ስልክ፣ በሰንሰለት ስለታሰረ አንድ ኬብል እና ባለ አራት መስመር ደብዳቤ እንዲጽፉልን ስለመለመን

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ስብሰባው ጉልበትዎን እንዳይጨርሰው፣ ወንበሩ ወገብዎን እንዳያሳምመው፣ ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ደህና ሆነው እንዲቆዩልን ከልቤ እመኛለሁ፤ እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር አሞዎት በራስዎ ማዕከል ቢመረመሩ፣ ውጤቱ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከወዲሁ ስለማውቀው እሳሳልዎታለሁ።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም፤ እኔ ግን አውቅዎታለሁ፣ ቢያንስ በፊርማዎ። ከደረጃው ሥር ያለችው፣ በሯ ሲከፈት መተላለፊያውን የምትዘጋው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ባለቤት ነኝ። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያለኝ ትምህርት ሁሉ ከሰው ወረቀት የተገኘ ነው። ማዕከልዎ ማንኛውም ደንበኛ የምርመራ ውጤቱን በሁለት ኮፒ እንዲያቀርብ ስለሚያዝ፣ ከእናንተ ደረጃ የወረደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጋ ነው። የሰው ወረቀት አላነብም፤ ነውር ነው። ዓይኔ ሲያርፍበት ግን ከልካይ የለውም፣ ማሽኑም እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ እንዳይመስልዎ። እውነቱን ልንገርዎትና ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ደስ ካለኝ ብዙ ዘመኔ ነው። ዕድሜ ልኬን «አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ባለቤቴ ይለኛል፣ ልጆቼ ይሉኛል፣ ምራቴ ባትለኝም ታስበዋለች። ዘንድሮ በእናንተ ቸርነት ጥርጣሬዬ ፍሬ አፈራ። በዝግ ፖስታ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከተባለ በኋላ የት እንደገቡ ስላልታወቀ፣ ይህን ሦስተኛውን በሕንፃው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል ወደ ሻይ ሲወርድ ያየው ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ አናጢ ነው። በልጅነቱ ታሞ ከዳነ ወዲህ ጆሮው አይሰማም፤ በቤታችን ሁላችንም በእጅ እናወራለን፣ እኔማ በእጄም በአፌም ባንድ ጊዜ ስለማወራ «ሁለት ጣቢያ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ከቤት ውጭ ላለው ሰው ግን ስልኩ ጆሮውም አፉም ነው፤ በር የሚያሠራው፣ አልጋ የሚያስጠግነው ሁሉ በጽሑፍ መልእክት ነው የሚያገኘው። ባለፈው ወር የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቱ ለእንጨት ሥራ ክፍሉ ቋሚ አናጢ ሲፈልግ ወንድሜ አመለከተ። ሠላሳ ዓመት በቀን ሥራ ለኖረ ሰው «ቋሚ» የምትለዋ ቃል ምን እንደምትመስል ለክቡርነትዎ ለማስረዳት አልደፍርም። ማስታወቂያው በግልጽ «የተግባር ፈተናው ቀን በተመዘገበው ስልክ በመልእክት ይገለጻል፤ በአካል ቀርቦ መጠየቅ አይፈቀድም» ይላል። ማመልከቻው ከገባ በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ ቻርጅ አላደርግ አለ። ሶኬት ቀየርን፣ የእኔን ኬብል ሰካን፣ የጎረቤት ቻርጀር ለመንን፣ አጥፍተን አበራነው፤ እሱ ግን አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ስድስት እያለ ወደ ታች መቁጠሩን አልተወም። ማክሰኞ ማለዳ ወደ እናንተ ይዘነው መጣን። ቅሬታዬም፣ ምስጋናዬ ማለቴ ነው፣ ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ። በመጀመሪያ የእንግዳ ተቀባይዋን ጥንቃቄ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። መልእክት እየጠበቅን ስለሆነ ሲም ካርዱን አውጥተን እንውሰድ ብላት «እማማ፣ ሲሙን ካወጣችሁት ስልኩ የማን መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለችኝና ስልኩን ከነሲሙ በፕላስቲክ ከረጢት ከትታ፣ አፉን በተለጣፊ ወረቀት አሽጋ፣ በላዩ ላይ ፈረመችበት። (እማማ ያለችኝን ይቅር ብያታለሁ፤ በአራት ዓመት ብበልጣት ነው።) ቀጥላ የምትደውልበት ቁጥር ስትጠይቀኝ የራሴን ሰጠኋት፤ ቅጹ የባለቤቱን ቁጥር እንጂ የእህቱን እንደማይቀበል ነገረችኝና በእስክሪብቶ ሰረዘችው። የባለቤቱ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነው ብላት «እሱ ነው የሚፈለገው» አለች። ባለቤቱ ደግሞ ጆሮው አይሰማም ብላት አዘነችለት፣ ከልቧ ነበር ያዘነችለት፤ አዝናም «ልዩ ማስታወሻ» በሚለው መስመር ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ጮክ ተብሎ ይነገራቸው» ብላ ጻፈች። ኮፒው እኔ ጋ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ማየት ይችላል።

፪ኛ። ሐሙስ ዕለት የምርመራው ውጤት ደረሰን፦ «ቻርጅ አይቀበልም። ቦርዱ ተቃጥሏል። ቦርድ እስኪመጣ ይጠበቅ፤ ሲመጣ ይደወላል።» ወንድሜ አንብቦት ሲጨርስ ለእኔ በእጁ ያለኝን ነገር መተርጎም ስለማይገባ ልለፈው። እኔ ግን ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሳስቀምጠው ቆም አልኩ፤ ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ! ጠዋት የሕንፃችንን ዘበኛ ወረቀት ሳባዛ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይል ነበር። ከእሱ በፊት የመጣችው የሒሳብ አስተማሪ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብላለች። መንታ ወንድማማቾች አንድ ዓይነት ስልክ ይዘው መጥተው አንድ ዓይነት ቃጠሎ ይዘው ሄደዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር አዘጋጀሁና እያንዳንዱን ምልክት አደረግሁ፤ እስከ ረቡዕ ድረስ ሃያ ሦስት ደረሱ። ከሃያ ሦስቱ አንዷ ስልኳ ከተገዛበት ካርቶን ወጥቶ የማያውቅ፣ ቻርጀሯን ለመቀየር ብቻ የመጣች ሙሽራ ነበረች።

እኔም የሚጠረጥር ሰው ማድረግ የሚገባውን አደረግሁ። ቦርዱ አልተቃጠለም፣ እየወጣ ነው አልኩ። ጤነኛውን ነቅለው ያስቀሩታል፣ ለባለስልኩ «ይመጣል» የሚሉት ደግሞ ያንኑ ከሌላው ደንበኛ የነቀሉትን ነው ብዬ፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሴ አእምሮ ሠርቼ ጨረስኩት፤ አለቃውን፣ ተቀባዩን፣ አሻጋሪውን ሁሉ መደብኩ። ክቡርነትዎ ትልቁን ቦታ ይዘው እንደነበር ሳልደብቅ እናዘዛለሁ። የምርመራ ባለሙያው ሁልጊዜ ማታ ማታ የሚከብድ ቦርሳ ይዞ ሲወርድ አየው ስለነበር፣ አንድ ቀን ጠረጴዛ አንሳልኝ ብዬ አስገብቼው፣ እሱ ሲያነሳ እኔ ቦርሳውን ከፈት አደረግሁ። የምሳ ዕቃና የልጅ ጫማ ነበር፤ ጫማው ሶሉ ለቅቆ ለጥገና የሚሄድ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ በሆዴ።

፫ኛ። ከዚህ በኋላ ነው ሥራ የሠራሁት። ረቡዕ ጠዋት የራሴን ስልክ፣ እዚያው ሱቄ ውስጥ ሰክቼ ቻርጅ ሲያደርግ በዓይኔ አይቼ፣ ነቅዬ ወደ ፎቅ ወጣሁና «ቻርጅ አላደርግ ብሎኛል» ብዬ ተሰለፍኩ። ዋሽቻለሁ፤ ለአገልግሎት ጥራት ስለሆነ አይታሰብብኝም። ባለሙያው ስልኬን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኬብል ጋር አገናኘው። ኬብሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አንገቱ ጎብጧል፣ ወገቡ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ማንም እንዳይሰርቀው በሰንሰለት ከጠረጴዛው እግር ጋር ተቆልፏል፣ ደረቱ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበታል። ስልኬ ዝም አለ። ባለሙያው እስክሪብቶውን አነሳና «ቦርዱ ተቃ» ላይ ሲደርስ ስልኬ እጁ ላይ ጮኸ፤ ባለቤቴ ነበር፣ ቁልፍ የት አስቀመጥሽ ሊለኝ። ሄጄ ሱቄ ውስጥ ስሰካው ዳግመኛ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ።

ተመልሼ ወጣሁና ጠየቅሁት። የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርባለሁ፦ «እኔም አውቃለሁ እትዬ። ግን ኬብል የሚቀየረው መበላሸቱ በምርመራ ክፍል ሲረጋገጥ ነው። ምርመራ ክፍል እኔ ነኝ። ለማረጋገጥ ደግሞ ኬብሉን ጤነኛ ከሆነ ስልክ ጋር ማገናኘት አለብኝ፣ በዚህ ኬብል ተመርምሮ ጤነኛ የተባለ ስልክ የለም። ከቤቴ ኬብል ባመጣ ደግሞ ያልተመዘገበ ንብረት አስገባህ እባላለሁ።» ክቡርነትዎ፣ እኔ ይህን ስሰማ እዚያው ቆሜ በደስታ እጄን አጨበጨብኩ። ሌብነት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሙያ አላቸው እል ነበር! ይህን ልጅ ሊቆጡት ካሰቡ አስቀድመው ኬብል ይቀየርልኝ ብሎ ያስገባቸውን ሦስት ማመልከቻዎች ያንብቡ፤ ከጠፉ፣ የሦስቱም ቅጂ ቤቴ አለ፣ በእኔው ማሽን ነው የተባዙት፣ ያን ጊዜ ዓይኔ ለምን እንዳላረፈባቸው እስካሁን ይቆጨኛል።

፬ኛ። ይህን ይዤ የወንድሜን ስልክ መልሱልን ስል፣ መዝገቡ ተከፈተና ስልኩ «ባለቤቱ የተወው ንብረት» ወደሚባለው መሳቢያ እንደተዛወረ ተነገረኝ። ሦስት ጊዜ ደውላችኋል፤ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። በሦስቱም ጊዜ «ደንበኛው ስልካቸውን ዘግተዋል» ተብሎ ተጽፏል። በእርግጥም ተዘግቷል፣ ያውም ከምርመራው በኋላ ዳግም በታሸገ ከረጢት፣ በእናንተው ፊርማ። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ወንድሜ ግን ከዓርብ ጀምሮ በየጠዋቱ ስልኩ ተጠግኖ መልእክት የደረሰ እንደሆነ ብሎ መጥቶ እናንተ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ለደንበኞች ከምትደውለው ሠራተኛ ጠረጴዛ ሦስት እርምጃ አይርቅም። ሦስቱንም ጊዜ ስትደውል አይቷታል። በእጁ እንዳሳየኝ፣ ማክሰኞ ዕለት እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ከጠበቀች በኋላ ራሷን ነቀነቀች፤ «እነዚህ ሰዎች!» እንደማለት እሱን ፈገግ ብላ አየችው። እሱም አዝኖላት አብሯት ራሱን ነቀነቀ። የደንበኛ እንክብካቤ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያጽናና ነበር።

የተወውን ንብረት ለማስመለስ ባለቤቱ እንዳልተወው በጽሑፍ ማመልከት አለበት ስለተባለ፣ እኔው ተየብኩት፤ በዚህች ቤት ካወጣኋቸው ጽሑፎች ሁሉ አጭሩ ነው፦ «አልተውኩትም።» ሐሙስ ዕለት ስልኩ ሳይጠገን፣ «ቦርድ አልመጣም» ተብሎ ተሰጠን።

፭ኛ። ወንድሜ ከረጢቱን ቀዶ ስልኩን ወደ ሱቄ ደጃፍ፣ ፀሐይ ወዳለበት ወሰደው። እንጨት ሲያይ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የቻርጅ መሰኪያዋን ቀዳዳ ተመለከታት። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፣ ድምፁ እስከ እናንተ ደረጃ ተሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። ስልኩ የሚውለው በሥራ ልብሱ የደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ሰጋቱራ ቀዳዳዋ ውስጥ ገብቷል፣ እኛም ቻርጀር በሰካን ቁጥር ወደ ውስጥ ጠቅጥቀነዋል። መርፌ ላቀብለው ስል እጄን መታኝ፤ ብረት አይነካውም አለኝ። ስልኩን ሳያበራ፣ ከወደቀ ብጣሽ እንጨት ቀጭን ስንጥር ጠርቦ፣ ጫፉን አለስልሶ፣ ቀስ እያለ አወጣው። ከቀዳዳዋ የወጣው ሰጋቱራ የጤፍ ፍሬ ሁለት ሦስት ቢያህል ነው። በእኔ ኬብል ሰካነው። የባትሪዋ ምልክት መጣች። ጠቅላላ ሥራው ሻይ አፍልቶ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም፤ ቦርዱም ከተሠራ ጀምሮ ተቃጥሎ አያውቅም። ለዘጠኝ ቀን ስልኩን ያቆያችሁት ሰዎች ቀዳዳዋን አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብላችሁ እንዳላያችሁ ለመረዳት፣ ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያስፈለገው።

ደስታዬ ግን እዚህ ላይ ትንሽ ጎደለ። ስልኩ ሲበራ መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ፤ ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ ነበር። ፈተናው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያልቀረበ ዕድሉን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ወንድሜ የት እንደነበረ ክቡርነትዎ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ፤ ወንበሩ የእናንተ ነው። እሱ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ አስቀመጠና፣ የሱቅሽ በር ማጠፊያ ላልቷል አለኝ በእጁ። አልላላም ነበር። ግን ተውኩት፤ በሩን ነቅሎ፣ መላጊያ አውጥቶ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ጤነኛ በር ሲያስተካክል ዋለ። እኔም በሁለቱም ጣቢያ ዝም ብዬ ዋልኩ፤ ቤተሰቤ ቢሰማ አያምንም።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ እኔ ሄድኩ። የእንጨት ሥራ ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስልኩ ከዚህ እስከዚህ ቀን በጥገና ማዕከሉ እጅ እንደነበረ የሚገልጽ ማረጋገጫ ካመጣችሁ እንደገና እንፈትነዋለን አሉኝ። እንደ ወፍ እየበረርኩ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። በጸሐፊዎ በኩል ያገኘሁት መልስ ይኸውና፦ «በመዝገባችን መሠረት ደንበኛው ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸው ያላነሱ በመሆኑ፣ ለተፈጠረው መዘግየት ማዕከሉ ማረጋገጫ ለመስጠት ይቸገራል።» ልብ ይበሉልኝ፣ ስልኩ እናንተ ጋ ነበረ ብላችሁ እንዳትጽፉ የሚከለክላችሁ፣ እናንተ ጋ ያለውን ስልክ ሰውየው አለማንሳቱ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ካሣ አልጠይቅም። ኬብሉን ቀይሩም አልልም፤ ከለመዳችሁት ጋር ማለያየት ኃጢአት ነው። ልጁን ምስጉን ሠራተኛ በሉትም አልልም፣ ቢሉት ግን አይጎዳዎትም። የምለምነው አራት መስመር ነው፦ ስልኩ በዚህ ቀን ገባ፣ በዚህ ቀን ወጣ፣ በመካከሉ ከነሲም ካርዱ ታሽጎ በማዕከሉ መሳቢያ ውስጥ ነበረ፣ ባለቤቱም ሊያገኘው አይችልም ነበር። ቀኖቹ በራሳችሁ ቅጽ ላይ አሉ፤ የሚያስጠይቅ ውሸት የለበትም፣ የሚያሳፍር እውነትም ብዙ አላስገባሁበትም። በንጹሕ ወረቀት ተይቤ፣ ለፊርማና ለማህተም ቦታ ትቼ፣ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው እንዳይመሩት እለምናለሁ፤ የሚመለከተው ሰው እርስዎ ነዎት፣ ሌላ ሰው አጣርቼ አጥቻለሁ።

እስከዚያው ድረስ ለሃያ ሦስቱ ደንበኞች መጀመሪያ ቀዳዳውን በፀሐይ እንዲያዩ፣ ከዚያ ጤነኛ ኬብል እንዲሞክሩ፣ ከዚያ ሌላ ሶኬት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ እናንተ እንዲወጡ እየመከርኩ ነው። ከእነሱ አሥራ አራቱ እስካሁን ተመልሰው አልወጡም። በሥራችሁ ጣልቃ ገብቼ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለሚሰጡን አገልግሎት፣ ለትዕግሥታችን መለማመጃ ስለሆኑልን፣ ዕድሜ ልኬን የተሰደብኩበትን ጥርጣሬ በመጨረሻ ስላስከበሩልኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለስብሰባዎ ፍጻሜ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ክትትል ጋር፣
ከደረጃው ሥር ያለችው፣ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት
የአናጢው ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሰሌዳው ላይ ልለጥፈው ስል ከትምህርት ቤቱ ለወንድሜ አዲስ መልእክት ደረሰው፤ ማረጋገጫው እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከቀረበ ሐሙስ ጠዋት ለብቻው ይፈትኑታል። ስለዚህ ነገ በራችሁ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ እኔ ነኝ፣ ወንድሜም ከጎኔ ይቆማል፤ መጋዙን ቤት ትቶት ይመጣል ብያለሁ። ምናልባት የሰጠሁት ወረቀት የት እንደገባ ካልታወቀ ሌላ ቅጂ ይዤ እመጣለሁ። እስክሪብቶም ይዤ እመጣለሁ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ በሲባጎ የታሰረውን ሞክሬዋለሁ፣ አይጽፍም።